አግዳሚው ላይ የቀረችው ምስክር

እታለም የሰው ቤት በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ብታገኘው እንኳ ዘው ብላ አትገባም። መጋረጃ የምትሰቅልበት የደንበኛ ቤት ይሁን የገዛ አጎቷ ቤት፣ ደጃፉ ላይ ቆማ «ቤቶች» ትላለች፤ ከውስጥ «ግቢ» እስክትባል ድረስ ጥቅል ጨርቋን እንዳቀፈች ትጠብቃለች። የሚሰማ ካጣች ድምጿን ከፍ ታደርጋለች እንጂ እግሯን አታነሳም። ድምጿ ደግሞ የዋዛ አይደለም። አንድ ጊዜ ፎቅ ላይ የምትኖር ደንበኛዋን ስትጠራ ከላይም ከታችም ያለው ጎረቤት ሁሉ በረንዳ ላይ ወጥቶ «አቤት» አለ ይባላል። ድምጿን ለሚያውቅ ሰው ውሸት አይመስልም።

ይህን ያስተማረቻት እናቷ ናት። እናትየው በየሰው ቤት እየዞረች ልብስ የምታጥብ ሴት ነበረች፤ ሁለቱን ልጆቿን አስከትላ ትሄድና ደጅ ታስቀምጣቸዋለች። «ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት የምትል ልጅ አላሳደግሁም» ትል ነበር። አባባሏ ከኩራት ብቻ አልነበረም። ድሃ ሳይጠራ የገባበት ቤት አንድ ማንኪያ የጠፋ እንደሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ መሆኑን ታውቃለች። ምክሩ እሷን እስክትሞት ድረስ ከነገር ጠብቋታል። ልጆቿን ግን ጉድ ሠራቸው።

እናት ስትሞት ወንድምየው ገና ጥርሱን የሚነቅል ሕፃን ነበር። ያሳደገችው እህቱ ናት። «እታለም» የሚለውን መጠሪያም ያወጣላት እሱ ነው፤ ሲጠራት የሰማ ሰፈር ሁሉ ያዘውና ዛሬ በዕድሜ የሚበልጧት ሰዎች ሳይቀሩ እታለም ይሏታል። መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ተከራይታ የስፌት መኪናዋን በመስኮቱ በኩል፣ ጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዋን በግድግዳው በኩል አድርጋ መጋረጃ መስፋት ያዘች። እሱ ካደገ በኋላ ጥቂት ጊዜ አንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ሆኖ ሠራ። አለቃው በእናቱ ሲሰድበው ሽርጡን ፈቶ ጥሎለት ወጣና ወደ እህቱ መጣ። ከዚያ ወዲያ እሷ ትሰፋለች፣ እሱ ግድግዳ እየበሳ ይሰቅላል። እጁ ቀጥ ያለ ነበር። እሱ የሰቀለው ዘንግ ወደ የትም አያዘምም፤ አፉ ግን አንድ ቀን እንኳ አርፎ አያውቅም፣ ቀኑን ሙሉ ሲያስቃት ይውላል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ያ የዕቃ መጋዘን ተዘረፈ። ዘበኛው ከኋላው ተመትቶ ወደቀ፣ ክንዱም ተሰበረ። ጣቢያ ሲጠየቅ «ፊቱን በደንብ አላየሁትም፤ ያ ቀድሞ እዚህ ይሠራ የነበረው ልጅ ይመስለኛል» አለ። ይህች «ይመስለኛል» ከጣቢያ ተነስታ ፍርድ ቤት እስክትደርስ «ነው» ሆና አረፈች። ያን ከሰዓት በኋላ ወንድምየው የት እንደነበር እታለም ታውቃለች። ዝናብ ስለነበር ደንበኛ አልመጣም። እሱ የስፌት መኪናዋ ሥር በጀርባው ተንጋሎ የላላ ቀበቶ ሲያጠብቅ፣ እሷ መብራት ይዛለት ስታበራ፣ ሁለቱም ሲሳሳቁ ነው የመሸው። ከሁለቱ በቀር ያየ ሰው የለም።

መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ ክፉ ሰው አልነበረም። ፋይል የበዛበት፣ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን የሚከፍት ሰው ነበር። እታለምን ያነጋገራት በስልክ ነው። «በቀጠሮው ቀን ይምጡ፤ ይጠራሉ» አላት። ይጠራሉ የሚለውን ቃል እሷ እንዴት አድርጋ እንደያዘችው እሱ ከየት ያውቃል።

በቀጠሮው ቀን የተተኮሰ ቀሚሷን ለብሳ በጠዋት ደረሰች። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ «ምስክር ነሽ?» አላት።

«አዎ።»

«ምስክር እስኪጠራ ድረስ ውስጥ አይገባም። እዚያ ቁጭ በይ።»

በኮሪደሩ መታጠፊያ፣ ደረጃው አጠገብ ያለ የእንጨት አግዳሚ አሳያት። ፖሊሱ የተናገረው ሕጉን ነው፤ አንዱ ምስክር የሌላውን ቃል እንዳይሰማ ውጭ ይቆያል። ለእታለም ደግሞ ሕጉ አዲስ አልነበረም፣ የእናቷ ሕግ ነው። ተቀመጠች። ሰው ሲገባ፣ ሰው ሲወጣ፣ ስም ሲጠራ አየች፤ የሷ አይደለም። የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን እየወለወለች መጥታ «እግርሽን አንሺልኝ፣ እህቴ» አለቻት። አነሳች። እርጥቡ እስኪደርቅ እግሯን አንጠልጥላ ቆየች። ሴትዮዋ መወልወያዋን ተደግፋ ማንን እንደምትጠብቅ ጠየቀቻት።

«እስኪጠሩኝ ነው» አለች እታለም።

ኮሪደሩ ጭር ሲል ጊዜ ወደ ፖሊሱ ሄዳ ቀስ ብላ መቼ እንደምትጠራ ጠየቀችው። የማን ምስክር እንደሆነች ጠየቃት፤ ነገረችው። ፖሊሱ ፊቱን አዞረ።

«እሱ እኮ አለቀ፣ እህት። ተፈረደበት። በኋላ በር ወስደውታል።»

የሆነውን የሰማችው ወህኒ ቤት ልትጠይቀው ስትሄድ ነው። በሽቦው ማዶ ተቀምጦ ቀና ብሎ አላያትም። ያ አፉ የማያርፍ ልጅ ዝም አለ። እሷ ስለ ምግቡ ጠየቀችው፣ ስለ መኝታው ጠየቀችው። በመጨረሻ «ፈርተሽ ነው?» አላት።

«ምኑን?»

«ጠበቃው ተነስቶ 'የተከሳሽ እህት አለች?' ብሎ ጠየቀ። ሰው ሁሉ ዞር ዞር አለ። አልነበርሽም። ዳኛው ምስክር አልቀረበችም ብሎ አጻፈ።»

«በር ላይ ነበርኩ» አለች።

«የት?»

«ደጅ፣ አግዳሚው ላይ። እስኪጠሩኝ።»

ጠበቃው መልኳን አያውቅም፤ የፈለጋት አዳራሹ ውስጥ ካለው ታዳሚ መካከል ነው። ወደ ኮሪደሩ ብቅ ብሎ የሚጣራ ሰው አልላከም። እሷ መሆን ባለባት ቦታ ተቀምጣ ሳለ የለችም ተባለች። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ይሏል እንዲህ ነው። ወንድምየው ለምን በሩን ገፍታ እንዳልገባች አልጠየቃትም። እሱም የዚያችው እናት ልጅ ነው። ሽቦውን በጣቱ ይዞ «እማዬ ጉድ ሠራችን» አለ። ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ።

ይግባኝ ተባለ። መልሱ በወረቀት መጣ፦ ምስክሯን በጊዜው ማቅረብ ይችል ነበር፣ አላቀረበም። እንደገና ማመልከቻ ገባ፤ ሌላ ወረቀት፦ እህት ለወንድሟ መመስከሯ የሚጠበቅ ነው፣ ውሳኔውን አይለውጥም። ወረቀት የጻፈው ሁሉ ልጁን አስቀርቦ አንድ ቃል አልጠየቀውም፣ እሷንም አላያትም። እሱ ግን መጻፉን አልተወም። ያገኘውን የወህኒ ቤት ሹም ሁሉ «ቃሌ ይሰማልኝ» ስለሚል እስረኞቹ «ይሰማልኝ» የሚል ስም አወጡለት። «ይሰማልኝ፣ ተራህ ደርሷል፣ ውሃ ቅዳ» ይሉታል። ይህን ለእህቱ ሲነግራት እየሳቀ ነው። ሳቁ ተመለሰ ብላ ደስ አላት።

ዓመታት ሲቆጠሩ ዘመድ ግን ሰለቸ። አጎቷ አንድ ቀን ሥራ ክፍሏ መጥቶ፣ መቀስ ይዛ ስትቆርጥ እያየ «ልጄ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሆነብሽ» አላት። «ያን ቀን ዝም ብለሽ አሁን ብትጮሂ ምን ሊፈይድ?»

«ጅቡ መቼ ሄደ፣ አጎቴ» አለችው ከጨርቁ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ። «ወንድሜን በአፉ እንደያዘው ነው።»

አጎቷ የመጣው ለሌላ ጉዳይ ነበር። ወህኒ ቤቱ ውስጥ ጥፋታቸውን አምነው፣ ተጸጽተናል ብለው ለሚፈርሙ ሰዎች ይቅርታ ሊደረግ ነው የሚል ወሬ ሰምቷል። ልጁ ጸባዩ የተመሰገነ ስለሆነ ከፈረመ ይወጣል። «ቃል ናት፣ አትገድልም» አለ አጎትየው። እታለም ይህን ሰምታ ያን ሳምንት እህል አልበላ አላት። ልጁ እንዲወጣላት ትፈልጋለች። በስፌት መኪናዋ ሥር ተንጋሎ ሲቀልድ መስማት ትፈልጋለች። ልትጠይቀው ስትሄድ «ፈርም» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር።

ቀድሟት ተናገረ። «ጠይቀውኛል፣ እታለም። እንቢ ብያለሁ።»

«ለምን? ቤትህ ብትገባ ምን አለበት?»

«ዘበኛውን የመታሁት እኔ ነኝ ብዬ ከፈረምኩ፣ ያን ቀን አንቺ ጋ አልነበርኩም ማለት ነው። ያ መብራት ይዘሽልኝ የዋልሽበት ቀን የለም ማለት ነው። እንዴት ብዬ ነው የምፈርመው?»

ተናደደችበት፤ ግትር ነህ አለችው። ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን ግትርነቱን ከማን እንደወረሰው ሩቅ ሄዳ መፈለግ አላስፈለጋትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሱም የሷም ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ፦ ይስሙን።

ቢሮ ለቢሮ መዞር ጀመረች። ጠባይዋን ግን አልቀየረችም። የዚያው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር በር ላይ ቆማ «ቤቶች» ትላለች። ጸሐፊው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ሰለቸው። «እትዬ፣ ይህ መሥሪያ ቤት ነው እንጂ ቤት አይደለም» አላት አንድ ቀን።

«ሰው ካለበት ቤት ነው» አለችው፤ «ከሌለበትም ንገሩኝና ሌላ በር ልሂድ።»

ጸሐፊው ሳይወድ በግድ ፋይሉን አወጣላት። ተመልክቶም ጉዳዩ እንደተዘጋ ነገራት። ደረጃውን ስትወርድ ያቺ የጽዳት ሠራተኛ ባልዲዋን ይዛ ስትወጣ ተገናኙ። ሴትዮዋ ቆም ብላ አየቻት፣ እንደገና አየቻት።

«ውይ፣ አንቺ ሴትዮ» አለቻት። «እስካሁን አልጠሩሽም?»

እታለም ደረጃው ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች። እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ዕለት አግዳሚው ላይ ስለመኖሯ ከራሷ በቀር የሚያውቅ ሰው አለ ብላ አላሰበችም። ሴትዮዋ አጠገቧ ቁጭ ብላ ነገሩን ሁሉ ሰማች። «እግሯን አንጠልጥላ የጠበቀችኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ሌላው እርጥቡን ረግጦ ነው የሚሄደው። እንዴት እረሳሻለሁ» አለቻት። ቀጥላም ግቢው ማዶ ለድሃ በነጻ የምትሟገት አንዲት ጠበቃ መኖሯን ነግራት እጇን ይዛ ወሰደቻት።

ጠበቃዋ ለእታለም ልጅ ልትሆን የምትችል፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ፋይሉን አንብባ ጨረሰች። ከዚያ ወንበሯን ወደ እታለም አስጠጋች።

«አንድ ነገር ልንገርዎት፣ እትዬ። ነጻ ነው በሉልን ብለን አንጠይቅም።»

«ታዲያ ምን ልንል ነው?»

«ስሙን ነው የምንለው። እስካሁን የተሰጠው መልስ ሁሉ እሱን ሳያቀርቡ፣ እርስዎንም ሳያዩ የተጻፈ ነው። እህት ስለሆነች ትዋሽለታለች ይሉ ይሆናል። ይበሉ። ግን ሰው ዋሸ የሚባለው ከተናገረ በኋላ ነው።»

እታለም ይህችን ቃል እንደ ውድ ጨርቅ አጥፋ ያዘቻት። መጋረጃ በሰቀለችበት ቤት ሁሉ አወራቻት። ወንድሟንም ስትጠይቅ ነገረችው። እሱ ግን ያን ጊዜ ፍርሃት ገብቶት ነበር። «ቢሰሙሽስ ያምኑሽ ይመስልሻል?» አላት።

«ባያምኑኝም ሰምተው አይመኑኝ» አለችው።

መዝገቡ በላይኛው ፍርድ ቤት ተራውን እየጠበቀ ክረምቱ አለፈ፣ ሌላም ክረምት መጣ። እሷ ከሰፈር ሽማግሌዎች አንዱ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ሲላት «እያደር የሚለው ነው የቸገረኝ» እያለች ትሰፋለች። ወንድሟ ግድግዳ ይበሳበት የነበረውን መሣሪያ ለማንም አላዋሰችም፤ እየወለወለች ቦታው ትመልሰዋለች። በስተመጨረሻ ጠበቃዋ ደወለች። የላይኛው ፍርድ ቤት ወስኗል፦ የምስክር ቃል የሚመዘነው ከተሰማ በኋላ ነውና፣ የሥር ፍርድ ቤት ፍርደኛውንና ምስክሮቹን አስቀርቦ ይስማ። እታለም ስልኩን ከዘጋች በኋላ የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ከዚያ ተነስታ ያን የቀድሞ ቀሚሷን ተኮሰች።

ያው ሕንጻ ነው፤ ኮሪደሩም ያው ነው። የአግዳሚው አንዱ ጣውላ ብቻ ተቀይሯል። ጠበቃዋ ጎንበስ ብላ ለእታለም በጆሮዋ ነገረቻት። «እንደ በፊቱ ውጭ ነው የሚቆዩት። ሳይጠሩ ከገቡ ዐቃቤ ሕጉ የሌላውን ቃል ሰምታለች ብሎ ምስክርነትዎን ያስጥልብናል።»

«ካልጠራችሁኝስ?»

«እጠራዎታለሁ።»

«ያኛውም ብሎኝ ነበር።»

ጠበቃዋ ፋይሏን አነሳች። ትከሻዋን ነካ አድርጋት ገባች። እታለም ያን ዕለት ደጅ እንደነበረች ልትመሰክር የጽዳት ሠራተኛዋ መጀመሪያ ተጠራች፤ እሷም ገብታ ቀረች። እታለም ብቻዋን ተቀመጠች። እጇ ሥራ ስላጣ የቀሚሷን ጠርዝ እየሰበሰበች ታጥፋለች፣ መልሳ ትዘረጋለች። ከበሩ ማዶ ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። አንድ ወፍራም ድምፅ ሲናገር፣ ሲናገር ቆየ። ከዚያ ፀጥ አለ። ከዚያ ወንበር ሲንቋቋ ሰማች።

በሩ ላይ የቆመው ወጣት ፖሊስ በቀዳዳው አጮልቆ አየና «ሊነሱ ነው መሰለኝ» አለ፤ ለራሱ ነው ያለው።

እታለም እንዴት እንደተነሳች አታውቅም። እጇ የበሩ እጀታ ላይ ነበር። ብትገፋው ምስክርነቷ ይወድቃል። ተመልሳ ብትቀመጥ እንደዚያን ቀን በኋላ በር ይወስዱታል።  እናቷን አሰበቻት፣ በእናቷም ተቆጣች፤ ደጅ ላይ ቆመሽ ዝም በይ ብላ ግን እናቷ መቼም እንዳላስተማረቻት ያን ጊዜ ትዝ አላት። እጇን ከእጀታው አነሳች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸችና ደረቷን ሞላች።

«ቤቶች!»

የፖሊሱ ኮፍያ ወደቀ። በኮሪደሩ ማዶ ያሉ ቢሮዎች በሮች ተከፈቱ፤ ከአንደኛው አንድ ሰው ከልማዱ «አቤት» አለ። 

በኋላ ጠበቃዋ እንደነገረቻት፣ ዳኞቹ እየተነሱ አልነበረም። የመሃል ዳኛው ፋይል ሊያቀብሉ ወንበራቸውን ገፋ አድርገው ነው። ዐቃቤ ሕጉ በጽዳት ሠራተኛዋ ቃል የላይኛው ፍርድ ቤት ትእዛዝ ስለተፈጸመ እህትየዋን መስማት አያስፈልግም ብሎ ሲከራከር ቆይቶ፣ ዳኞቹም እርስ በርስ እየተንሾካሾኩ ሳለ ነው ድምጿ የገባው። ፍርደኛው ከጠዋት ጀምሮ መሬት መሬቱን ሲያይ ቆይቶ ቀና አለና ሳይፈቀድለት ሳቀ። «እሷ ናት» አለ።

«ማን ናት?» አሉ የመሃል ዳኛው።

ጠበቃዋ ተነሳች። «ምስክሬ ናት፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ዛሬም ደጅ ናት። ሳትጠራ አትገባም።»

የመሃል ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው በሩን አዩት። ግራና ቀኝ ያሉትን ዳኞች አዩ። ከዚያ እሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ይግቡ» አሉ።

በሩ ተከፈተ። እታለም ገባች። መጀመሪያ ያየችው ወንድሟን ነው፤ ጸጉሩ በጎንና በጎኑ ሸብቷል፤ ዓይኑ ግን ያው የድሮው ነው። ቀጥሎ ያየችው፣ ሥራ ነውና፣ የመስኮቱን መጋረጃ ነው፤ ዘንጉ ወደ አንድ ጎን አዝምሟል። ምለሽ ተናገሪ ተባለች፣ ማለች። የመሃል ዳኛው አጠገቧ ያለውን ወንበር አሳዩአት።

«እትዬ፣ ብዙ ጠብቀዋል። ከደከመዎት ተቀምጠው መናገር ይችላሉ።»

እታለም ወንበሩን አየችው።

«ተቀምጬ ነው የኖርኩት፣ ጌታዬ» አለች። «ቆሜ ልናገር።»